በአዮዲን የታጠበው ሌባ

ባለፈው ሰሞን ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥሁና የጎረቤቴ ልጅ አዮዲን ይዛ እየሮጠች መጣች። ነርስ ናት፤ እጇ ቀላል ነው። «እማማ፣ ትንሽ ያቃጥልዎታል» ብላ ጥጡን ስታስጠጋልኝ፣ ከማቃጠሉ በፊት ሽታው አፍንጫዬ ደረሰና ሳቄ መጣ። ደም እየፈሰሰኝ መሳቄ ገርሟት «ምን አስታወሱ?» አለችኝ። «ባለቤቴን ያጠብነው በዚህ ነበር» አልኋት። ልጅቱ ጥጡን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አስጠግቶ፣ በደህና ጤንነቱ ተቀምጧል፤ እሷም ስትገባ «እንዴት ዋሉ?» ብላው ነው ያለፈችው። አንገቷን አስግጋ ወደ በረንዳው አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። ዕድሜዬ ነገር ያምታታብኝ ጀምሮ እንደሆነ እየገመተች መሆኑ ገባኝ። «ቁጭ በይ» አልኋትና ጣቴን እየጠቀለለች ከመጀመሪያው ነገርኋት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥሁ።

ያኔ ከደሴ ወዲያ፣ ቦረና ውስጥ፣ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስለ ዘመኑ ብዙዎች ጽፈዋል፣ እኔ የምጽፈው ከዓይኔ ያልጠፋውን ነው። የተወለድሁት አቀስታ ነው፤ ውርጩ ከደጅ በማይለይበት፣ ሰው ሲናገር ከአፉ ጭስ በሚወጣበት አገር አድጌ መካነ ሰላም ስመደብ፣ ቆላ የወረድሁ መሰለኝ። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል አረንጓዴ የተትረን ቀሚስ አሰፋሁ፤ ተትረን አይጨማደድም፣ ለዚያ ነው የተወደደው። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች እንደ ቃጭል ይሰፋና ሲራመዱ የመንገዱን አቧራ ይጠርግ ነበር። ፀጉር አፍሮ ነው፤ የማበጠሪያው እጀታ ከኋላ ኪስ ብቅ ካላለ ሰውየው ወጣት አይባልም። ክረምት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ጌጥ ይቀርና ሁላችንም በኮንጎ ጫማ ጭቃውን እናቦካለን። ከደሴ የሚመጣው ኤንትሬ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ከሩቅ ሲነፋ ከተማው ግማሽ በግማሽ መንገድ ዳር ይወጣል። የሚቀበለው እንግዳ ያለው ጥቂት ነው፤ ሌላው የሚወጣው ማን እንደወረደ ለማየት ነው። መኪናው የሚቆመው እትዬ ፋጡማ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ሻዩ በዐሥር ሳንቲም፣ ፓስቲው በአምስት፤ ከመደርደሪያው ላይ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ አለ፣ የባቲ ዜማ ሲመጣ እትዬ ፋጡማ ብርጭቆ ማጠቧን ታቆማለች፤ ዜማው እስኪያልቅ ሻይ የሚቀዳለት ሰው የለም።

ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የአያ ሰይድ ፎቶ ቤት ነበር። አያ ሰይድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚያይ ሰው ነው፤ ካሜራውን ባይዝም እንደያዘ ነው የሚኖረው። ከመጋረጃው ላይ ባሕር፣ ከባሕሩ በላይ አውሮፕላን ተስሏል። ባሕር አይቶ የማያውቅ የቦረና ሰው ሁሉ ከዚያ ባሕር ዳር ቆሞ ተነሥቷል። የተነሡት ሰዎች ፎቶ ከመግቢያው ጀምሮ ግድግዳውን ሞልቶት ነበር፤ ሙሽራ፣ ወታደር፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ተማሪ፣ ሁሉም ዓይኑን አፍጥጦ የሚገባውን ሰው ይቀበላል።

ነገሩ የተጀመረው በእትዬ ፋጡማ ቅሬታ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት አስተምር ስለነበር ማንበብ የለመደችው እኔ ዘንድ ነው፤ ትጉ ነበረች። አንድ ቀን ሻይዬን አስቀምጣልኝ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ጥሩዬ፣ ማንበብ አስተማርሽኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። የሚነበብ ነገር ግን አልሰጠሽኝም።»

«እንዴት? የከተማው ንባብ ቤት መጽሐፍ አለው እኮ።»

«አለው። አንዱ ስለ ፍግ ነው፣ አንዱ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ አንዱ ስለ በግ ተቅማጥ። ሁሉንም አንብቤ ጨረስሁ። ወላሂ፣ እኔ ስለ ሰው ማንበብ ነው የምፈልግ!»

ከጥግ ተቀምጦ ፓስቲ ይበላ የነበረው አያ ሰይድ አፉን ጠረገ። «ሰው ከፈለግሽ እኔ ቤት ግድግዳው ሙሉ ሰው ነው» አላት። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። ከዚያ ግን ብርጭቆውን አሽከርክሮ «ጥሩወርቅ፣ አንቺ ሥዕል ትችያለሽ አይደል?» አለኝ። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራና ሥዕል የማስተምረው እኔ ነበርሁ። «ታሪክ እናውጣ፤ ሰዎቹን እኔ ላንሣ፣ አንቺ ወደ ሥዕል ለውጫቸው። ከአፋቸው አጠገብ ደመና እናደርግና ንግግራቸውን እዚያ ውስጥ እንጽፋለን። ከገጽ ወደ ገጽ እንደ ፊልም ይሄዳል።»

ዘዴው ደሴ ሙያውን ሲማር ከአንድ አዛውንት ያየው ነው። ፎቶው ደብዘዝ ተደርጎ ይታተማል። ከላዩ ላይ የሰውየውን ዓይን፣ አፍንጫውን፣ የጋቢውን እጥፋት በጥቁር ቀለም ትከተያለሽ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ አዮዲን ውስጥ ይነከራል፣ ቀጥሎ ፎቶ በሚታጠብበት መድኃኒት ይለቀለቃል። ፎቶው እንዳለ ይጠፋና አንቺ ያሰመርሽው መስመር ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሰውየው ራሱ ነው፣ ግን ሥዕል ሆኗል። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ይህንን ባንዲት ጣት ንክኪ ሲያደርጉት አያለሁ፤ ፊታቸው በቅጽበት ካርቱን ይሆናል፣ ይስቃሉ፣ ያጠፉታል። እኛ ለአንድ ፊት ስንት ቀን እንደምንደክምበት ስነግራቸው ያዝኑልኛል። አይዘኑልኝ። ፊት ላይ ያን ያህል ቀን ያጎነበሰ ሰው ያንን ፊት ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ በእትዬ ፋጡማ ላይ ሆነ። በተማሪ ቀለም ዓይኗን፣ የሻሿን ዘርፍ፣ ሁሉንም አሳምሬ ሠራሁ። አያ ሰይድ ከጤና ጣቢያው በለመናት ጥቂት አዮዲን ነክሮ፣ ለቅልቆ ሲያወጣው ወረቀቱ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፎቶውም ሥዕሉም የለም። እትዬ ፋጡማ ወረቀቱን ተቀብላ ፊቱንም ጀርባውንም ገልብጣ አየችና «እኔን የት አደረሳችሁኝ?» አለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገን ነበር፤ የማይታጠብ ቀለምና ብዙ አዮዲን።

ቀለሙን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ አቀስታ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፣ የብራና መጽሐፍም ይጽፋሉ። ቀለማቸውን ከጥላሸትና ከቅጠል ቀምመው፣ ወራት አቡክተው ራሳቸው ነው የሚያዘጋጁት። ለበዓል ቤት ስሄድ ጠየቅኋቸው።

«ምን ሊሆንሽ ነው?» አሉ።

«ለሥዕል ነው፣ አባባ።»

«የማን ሥዕል?»

«የሰዎች።»

«እንግዲያው ደግ ደግ ሰዎች ይሁኑ» ብለው በትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። ያ ቀለም አዮዲንም፣ መድኃኒትም፣ ውሃም አልነካውም።

አዮዲኑን ያመጣው አበጋዝ ነው። አበጋዝ የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር ነበር፤ ነጭ ጋውኑን ራሱ አጥቦ ራሱ የሚተኩስ፣ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ሕመምተኛውን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው። ጊዜው አልፎበት ሊደፋ የነበረ አዮዲን በጠርሙስ በጠርሙስ ይዞ ፎቶ ቤቱ መጣ። አስቀምጦ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ሣህኑ ውስጥ የተኛው ወረቀት መጀመሪያ ቡናማ ሲሆን፣ ቀጥሎ እየነጣ ሲመጣ፣ የእትዬ ፋጡማ ፊት በጥቁር መስመር ብቻ ቁልጭ ብሎ ሲቀር ጎንበስ ብሎ አየና «እንዴ!» አለ፣ ልክ እንደ ሕፃን። እኔ የማየው ወረቀቱን አልነበረም። በሚቀጥለው ቀን የጎደለ ጠርሙስ አለ ብሎ መጣ፤ በሚቀጥለውም። የጎደለ ጠርሙስ እንዳልነበረ አያ ሰይድም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ታሪኩን «የጠፋችው በቅሎ» አልነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በገበያ ቀን ያለቻትን አንዲት በቅሎ ትሰረቃለች፤ ዳናዋን ተከትላ በለጋምቦ ጉም ውስጥ፣ በደጎሎ የገብስ ማሳ መካከል በእግሯ ትሄዳለች። ሴትዮዋ እትዬ ፋጡማ ናት። የሚያጭዱት ሰዎች በእውነት የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው፤ መኪና ላይ የሚያሳፍራት ሾፌር የእውነት ሾፌር ነው። አያ ሰይድ ካሜራውን፣ እኔ አንሶላ ይዘን እንዞራለን። አንሶላው ነጭ ስለሆነ ፀሐዩን ተቀብሎ በሰዎቹ ፊት ላይ ይመልሳል፤ ያ ነበር መብራታችን። እትዬ ፋጡማ ግን የተሰጣትን ንግግር ዝም ብላ የምትቀበል አልሆነችም። እኔ ከደመናው ውስጥ «ወዮልኝ፣ በቅሎዬ ጠፋችብኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። አነበበችውና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«በቅሎዬ ብትጠፋ ገበያው መካከል ቆሜ ‹ማነው ያየ!› ነው የምለው። ልቅሶውን ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ነው የማለቅሰው። ሰው ፊት ካለቀስሁማ በቅሎዋም ትቀራለች፣ እኔም መሳቂያ እሆናለሁ።»

አስተካከልሁት። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ መጀመሪያ ሰዎቹ ይናገሩታል፣ ቀጥሎ እኔ እጽፈዋለሁ። መጽሐፉን ሰው የወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

ሌባ የሚሆን ሰው ግን ጠፋ። ሥጋ ሻጩን ለመንነው፤ «ሚዛኔን ማን ያምናል?» አለ። አስተማሪዎቹን ለመንኋቸው፤ «ተማሪ ያየናል» አሉ። ሥራው ሊቆም ሆነ። እኔ ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ አገጬን ይዣለሁ፤ አበጋዝ ከውስጥ ሣህኑን እያጠበ «እኔ ልሁን» አለ።

«አንተ? ሰው ምን ይልሃል?»

«መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ። ድሮስ መቼ ወደዱኝ?»

ከጎኑ አነሣነው፤ ሌባ ወደ በቅሎዋ ነው እንጂ ወደ ሰው አያይም ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር አፍንጫው ከጎን ሲታይ ያምር ነበር። ከዚያ በአባቴ ቀለም ለቀናት ጎንበስ ብዬ ያንን አፍንጫ፣ ያንን አገጭ፣ ያንን ሽፋሽፍት ተከተልሁ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ጨመርሁለት፣ ጢም አበቀልሁለት። አዮዲኑ ውስጥ ሲነከር ደጉ ድሬሰር ታጥቦ ሄደና ነጩ ወረቀት ላይ አንድ የሚያስፈራ የበቅሎ ሌባ ቀረ። አበጋዝ ራሱን አይቶ እስኪያለቅስ ሳቀ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ገጾቹን በብስኩት ካርቶን ላይ ለጠፍን፤ ቆዳ ሰፊው በጠፍር ሰፍቶ ሽፋን አበጀለትና ንባብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በገበያ ቀን ሰው በበሩም በመስኮቱም ገባ። ማንበብ የሚችለው ጮክ ብሎ ያነባል፤ የማይችለው ሥዕሉን በጣቱ እየነካ «ይቺ ፋጤ አይደለችም?» ይላል። ፋጤ ከአጠገቡ ቆማ «ነኝ!» ትላለች። በዚያ ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ ሞላ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል የሚያልቀው ሌባው በቅሎዋን ጭኖ በጉም ውስጥ ሲሰወር ነው፤ ሰው ሁሉ በሌባው ተናዶ ወጣ። ሕፃናት አበጋዝን መንገድ ላይ ሲያገኙት «ሌባው መጣ!» እያሉ ይበተናሉ። ክትባት ሊሰጥ ገጠር ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ልጇን ልታስከትብ ከመምጣቷ በፊት በቅሎዋን ወስዳ ጓሮ አሠረች። እሱ ይስቃል። እኔም ስቄአለሁ፤ ያን ጊዜ እኔና እሱ ተስማምተን፣ ሽማግሌ ወደ አባቴ ሊላክ የቀረው ጥቂት ነበር።

ከዚያ በፊት ግን አባቴ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ በበቅሏቸው መካነ ሰላም መጡ። ልጃቸው የሠራችውን መጽሐፍ ሰው ነግሯቸው ኖሮ ቀጥታ ንባብ ቤት አስገባኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ ያዩት ታሪኩን አይደለም። ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለው «ይህ የእኔ ቀለም ነው» አሉ። ቀጥለው አንድ በአንድ ገለጡ። «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ አባቴ ሰው ማመስገን አይቀናቸውም፣ ደስታዬን የት ላድርገው? ሌባው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼንንስ በደንብ አውቀሽበታል። አንድ ዓይን ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው ከጎኑ ባንድ ዓይኑ እንደሚሳል ሕፃን ሆኜ ነው ያስተማሩኝ። እኔ አበጋዝን ሳነሣ አላሰብሁትም፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ። ሌባው ማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ወጣን። ደጅ ላይ አበጋዝ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ አፍሮውን በውሃ አስተኝቶ ቆሟል። ሰላም ሊላቸው ነው የመጣው። «እንደምን ዋሉ፣ አባ?» ብሎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል አፈረና ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ያ አፍንጫ፣ ያ አገጭ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። አባቴ አንዴ አዩት። ሊዘረጉት የነበረውን እጅ መለሱና የበቅሏቸውን ልጓም ሳብ አደረጉ።

ሽማግሌዎቹ ሄደው የተመለሱ ዕለት አያ ሰይድ ራሱ ከመካከላቸው ነበረበት። ካፖርቱን ሳያወልቅ ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«አንድ ዓይና ለሆነ ሰው ልጅ አልሰጥም አሉ። ኧረ ሁለት ዓይን አለው ብንላቸው፣ ‹እኔ ያየሁት አንዱን ነው› አሉ።»

አበጋዝ ወለሉን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ጠፋ። አያ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ልጁ ሌባ አለመሆኑን አጥተውት አይደለም፣ ጥሩዬ። ‹ሰው ሁሉ ሌባ ብሎ ያነበበውን ልጅ፣ ደብሩ ፊት አማቼ ነው ልበል? መልኩን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው አጽዱት› ነው ያሉት።»

ያን ዕለት ከቤቴ ገብቼ እትዬ ፋጡማ እንዳለችው በሬን ዘግቼ አለቀስሁ። አባቴ አንዴ የተናገሩትን እንደማይመልሱ አውቃለሁ። አበጋዝም ወደ ሌላ ወረዳ ልዛወር ብሎ ሊያመለክት ነው የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ስጠይቀው አልካደም። «እዚህ ብቆይ አንቺን በየቀኑ ማየት ነው» አለኝ። ነገሩን የፈታችው እትዬ ፋጡማ ናት። ቤቴ መጥታ በሩን አስከፍታ፣ ዓይኔን አይታ «አብሽሪ» አለች። «እና ይኼ ምን ያስጨንቃል? በቅሎዬን ይመልስልኛ!»

ሁለተኛውን ክፍል እንዲህ ጀመርነው። ሌባው ይጸጸታል፣ በቅሎዋን መልሶ ይመጣል፣ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ዳኛ የሚሆን ሰው ሲፈለግ አያ ሰይድ ያለ አንዳች ምክክር አቀስታ ሄደ። አባቴ መጀመሪያ «እኔ በተረት ልቀመጥ?» ብለው ተቆጡ አሉ። አያ ሰይድም «ይሁን አባ፣ ያገኘነውን ሰው እናስቀምጣለን» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ «ቆይ፤ ፍርድ የማያውቅ ሰው አስቀምጣችሁ ፍርዱን ታበላሹታላችሁ» አሉት። መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ወይራ ሥር ተቀመጡ። አንድ ቃል ብቻ አስቀደሙ። «ፊት ለፊት ነው የምነሣው። ሁለቱም ዓይኔ ይታይ።»

«ሌባውስ?» አልሁ።

«ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ወዴት ያያል? እሱም ፊት ለፊት።»

አበጋዝ ከፊታቸው ቆመ። እኔ ከጎን አንሶላዬን ዘርግቼ ፀሐዩን በፊቱ ላይ መለስሁለት። አባቴ የተጻፈላቸውን ንግግር ትተው «ልጄ፣ ስምህ ማነው?» አሉ።

«አበጋዝ።»

«አይ አባ፣ በታሪኩ ውስጥ ስሙ ጎሹ ነው» አለ አያ ሰይድ ከካሜራው ጀርባ።

«ዳኛው እኔ ነኝ» አሉት። «አበጋዝ፣ ለምን ሰረቅህ?»

አበጋዝ ታሪኩን ረሳው። «አልሰረቅሁም፣ አባ። ሌባ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ሥራው ሊቆም ነበር። መምህርቷ ተጨነቀች። እሷ ስትጨነቅ ማየት ስለማልችል እኔ ልሁን አልሁ።»

«ሰው ሌባ ሲልህስ?»

«ሌላው ሲለኝ ስቄአለሁ። እርስዎ በቅሎዎን ሲስቡብኝ ግን ያን ቀን ከፋኝ።»

አያ ሰይድ «ጥሩወርቅ፣ አንሶላውን አታንቀጥቅጪው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ብርሃኑ በአበጋዝ ፊት ላይ ይዘል ነበር። አባቴ ልጁን ረጅም ጊዜ አዩት፤ እሱም ሳያፍር፣ ሳይዞር አያቸው። በመጨረሻ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና «ፍርዴ ይህ ነው፤ የሴትዮዋን በቅሎ መልስ» አሉ። እትዬ ፋጡማ ተራዋን መጠበቅ አልቻለችም። «ኧረ መልሶልኛል፣ አባ! ወላሂ መልሶልኛል፣ ሣር እየበላች ነው!» ብላ ከኋላ ጮኸች። አባቴ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ሳቁ፤ አያ ሰይድ ያኔ ነው ያነሣቸው። «ዳኛ ሲስቅ ይነሣል?» ብለው በኋላ ቢያኮርፉም፣ ያንን ሳቅ በገዛ ቀለማቸው መስመር በመስመር ተከተልሁት። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ብዙም አልተቀመጡም። «ፈርጄ ጨርሻለሁ፣ ምን ልበል?» አሏቸው አባቴ።

መጽሐፎቹ አሁን የሉም። የመጀመሪያው ክፍል ደጎሎ ተዋሱት፣ ከደጎሎ አጅባር ተሻገረ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አልቆ ቀረ፤ መጽሐፍ እንዲህ ቢያልቅ ምን ይከፋል? አያ ሰይድ ኋላ ደሴ ወርዶ ትልቅ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ልጆቹ የኮምፒዩተሩን ሥራ ይሠራሉ። እትዬ ፋጡማ እስከ እርጅናዋ ሻይ ስትቀዳ ኖራለች፤ በሠርጋችን ቀን በቅሎ ላይ ካልወጣሁ ብላ አጃቢውን ሁሉ በሳቅ የገደለችው እሷ ናት። የሠርጋችን ዘፈን፣ የለበስሁት ቀሚስ፣ ከደሴ በኤንትሬ የመጣው የለስላሳ ሣጥን መንገድ ላይ ግማሹ ተሰብሮ መድረሱ፣ ይህን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ክረምት አባቴን ልንጠይቅ አቀስታ ሄድን። ጉሙ ከጣሪያው ላይ ተኝቷል፤ ደጃፉ ላይ ስንደርስ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ ይሰማል። ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ አበጋዝን በእጄ አስቆምሁት። ዳዊት አልነበረም። ሁለተኛውን ክፍል ከአያ ሰይድ ተውሰው ኖሮ ለጎረቤትና ለተማሪዎቻቸው እያነበቡ ነው። የፋጡማን ንግግር በቀጭን ድምፅ፣ የዳኛውን በራሳቸው ድምፅ ረጋ አድርገው፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሌባው የሚናገርበት ላይ ሲደርሱ አንዴ ሞከሩት፣ አልጣማቸውም፤ እንደገና ሞከሩት። ያኔ ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩን።

«እንኳን መጣህ» አሉ፣ ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጡ። «ና ግባ። ይህንን አንተ በልልኝ፤ እኔ ስለው እውነተኛ ሌባ ነው የምመስለው።»

አበጋዝ ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ገባ። ሰው ለእኔ ቦታ ሲለቅልኝ አባቴ መደቡ ላይ ፈቀቅ አሉለት። ውጭ ስለቆየ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የጋቢያቸውን ግማሽ አንሥተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና መጽሐፉን በሁለቱ ጉልበት መካከል አመቻችተው ገጹን ገለጡ።